ሶዶ፦ ዶዘሩ ሳይነሣ እንነጋገር

(ወላይታ ሶዶ ላይ በተደረገ የነዋሪዎች ውይይት በንባብ የቀረበ)

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የቅርስ ሊቅም አይደለሁም። ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማና አንድ እስክሪብቶ ነው። የማንም ቅጥረኛ ሳልሆን በግሌ እየዞርኩ የምጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ የብረትና የሲሚንቶ ልክ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። የሕዝብ የሆነ አሮጌ ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ማነው? መቼ ነው የሚወስነው? ማንንስ ጠይቆ?

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣበት በቂ ምክንያት አለው። በ2015 ዓ.ም. ወላይታ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። የጥሩ ሕዝበ ውሳኔ ጉድለት ተገኝቶበት ሰኔ ላይ ተደገመ፤ በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የክልሉ መቀመጫ ለስድስት ከተሞች ሲከፋፈል፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለጂንካ፣ ለሳውላና ለካራት የየድርሻቸው ሲሰጥ፣ ሶዶ የፖለቲካ ማዕከልነቱን ወሰደች። እሰየው! ነገር ግን አዲስ ክልል ቢሮ ይፈልጋል፤ ቢሮ ሕንፃ ይፈልጋል፤ ሕንፃ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየክልሉ ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ተጨመረ። ወላይታ ደግሞ በአገሪቱ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ቦታ ከሰማይ አይወርድም። ታዲያ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የግለሰብ ቤት ሲፈርስ ባለቤቱ ይጮኻል፣ ካሣ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመንግሥት የሆነ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ግን ማን ይጮኻል? ካሣ የሚከፈለው ሰው የለም። የሚከስም የሚከሰስም የለም። ደግሞም ቀድሞ የተሠራ ቤት ቀድሞ ቦታ የመረጠ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ የቆመበትም መሐል ከተማ ነው። እንግዲህ ቦታ ለሚፈልግ ሹም ከዚህ የቀለለ ምን አለ? የሕዝብ ቤት በቀላሉ የሚፈርሰው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሁሉም ስለሆነ፣ ማለትም ማንም ስላልሆነ ነው።

ወላይታ ይህን ነገር ከማንም በፊት በራሱ ቆዳ ያውቀዋል። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ዘመተ። ካዎ ጦና ተዋግተው፣ ቆስለው፣ ተማረኩ። ከጦሩ ጋር አብሮ የመጣ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ያየውን ብዙም ሳይቆይ በመጽሐፍ አሳትሞታል። በዚያ ዘመቻ ስንት ሰው እንዳለቀ፣ ስንት ቤትና ንብረት እንደጠፋ ታሪክ ይመሰክራል። ወላይታ ለብዙ ዘመን ነገሥታት የነበሩት፣ አደባባይ የነበረው፣ ሸንጎ የነበረው አገር ነው። ዛሬ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ “የነገሥታቱ አዳራሽ የቱ ነው?” ብሎ ቢጠይቀን ምን እናሳየዋለን? ጉታራ የሚለው ስም ሶዶ ውስጥ በቆመው ዘመናዊ አዳራሽ ላይ አለ። ስሙ ተርፏል። ቤቱ ግን የለም። ስንት ምሰሶ ነበረው? በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ካዎው የት ይቀመጡ ነበር? ለልጁ በእጁ አስነክተን የምንመልስለት ነገር የለንም።

ያንን ያጠፋው ጦርነት ነው። ዛሬ ጦርነት ሳይኖር በገዛ እጃችን፣ በገዛ በጀታችን፣ ሪባን ቆርጠን የምናጠፋው ነገር ካለ ግን ማንን እንወቅሳለን?

እስቲ ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን እንይ። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ የገባው ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ኦቶና ላይ ሠፍሮ ሕክምናና ትምህርት ጀመረ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ሚሲዮናውያኑን አስወጣቸው። ከነፃነት በኋላ ተመለሱ። በደርግ ዘመን ሆስፒታሉ የመንግሥት ሆነ። ዛሬ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በሰሌዳው ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ ሕዝቡ ግን “ኦቶና ሄጄ ታከምኩ” ነው የሚለው። አንድ ግቢ አራት መንግሥት አሳልፏል። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የሚገኝ አሮጌ ክፍል ሁሉ የአንድ ዘመን ምስክር ነው፤ የተወለደበት አለ፣ አባቱን የቀበረበት አለ።

ዋዱንም አንርሳ። የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ገንዘብ ሲጀመር፣ ለነገሩ ብዙ የደከሙት የያኔው የአውራጃው ገዥ ደጃዝማች ወልደሰማያት ገብረወልድ እንደነበሩ ይታወቃል። መንገድ ተጠረገ፣ መጋዘን ተሠራ፣ አበላና በሌ ላይ ገበሬ ሠፈረ። ድርጅቱ ከፈረሰ አርባ ዓመት አለፈው፤ “ዋዱ” የሚለው ቃል ግን በሰዉ አፍ አልሞተም። በብድር ለተሠራ ነገር ከፋዩ ማነው? ሕዝብ ነው። እንግዲህ የዋዱ መጋዘን የማን ነው? የቢሮ ኃላፊው ነው? አይደለም። የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። “እነዚህን ቤቶች አፍርሶ በአዲስ መተካት ነው የሚሻለው” የሚሉ ወገኖች ሦስት ነገር ያነሣሉ። ሦስቱም የዋዛ አይደሉም፤ በንቀት የሚታለፉም አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ “ይህ እኮ የነፍጠኛ ቤት ነው፣ የጣልያን ቤት ነው፣ የፈረንጅ ቤት ነው። የወላይታ ያልሆነውን ወላይታ ለምን ይጠብቀው?” የሚል ነው። ቁስሉ እውነተኛ ስለሆነ ይህን የሚል ሰው ላይ አልፈርድም። ሶዶ ራሷ ከ1887ቱ ዘመቻ በኋላ የአስተዳደር ከተማ ሆና ያደገች ናት። ነገር ግን ልጠይቅ። ድንጋዩን የተሸከመው ማነው? እንጨቱን ከደጋ ያወረደው ማነው? ጭቃውን የረገጠው፣ ሣሩን ያጨደው ማነው? አዛዡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትከሻው ግን የወላይታ ትከሻ ነው። ቤቱን ስናፈርስ የአዛዡን ስም አናጠፋም፤ እሱማ በመጽሐፍ ተጽፎለታል። የምናጠፋው ስሙ ያልተጻፈለትን የተሸካሚውን ምልክት ነው። በደል የተፈጸመበት ቤትም ቢሆን ቆሞ ሲመሰክር ይሻላል። ምስክር ከሌለ ነገ “በደል አልነበረም” የሚል ይመጣልና።

ሁለተኛው፣ “ጭቃ ነው፣ ያፈሳል፣ ምስጥ በልቶታል፣ ለማደስ የሚወጣው አዲስ ያሠራል” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያፈሳል። ግን ለምን አፈሰሰ? የጭቃ ቤት ሞት የሚጀምረው ከላይ በአንዲት የቆርቆሮ ቀዳዳና ከታች በአንዲት የተደፈነች የውሃ መውረጃ ነው። አሸንዳው ይገነጠላል፤ ውሃው ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል፤ የማገሩና የምሰሶው እግር ይበሰብሳል፤ ከዚያ ምስጡ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። አንድ አሸንዳ በጊዜው ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ምን ያህል ነው? የአንድ ስብሰባ የምሳ አበል አይሆንም!

ታዲያ ለምን አይቀየርም? ምሥጢሩ በጀቱ ውስጥ ነው። አዲስ ሕንፃ በካፒታል በጀት ይመጣል፤ ጨረታ አለው፣ የመሠረት ድንጋይ አለው፣ ምርቃት አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። ጥገና ደግሞ ከመደበኛው በጀት ጥግ ላይ ከወረቀትና ከነዳጅ ጋር ተጋፍቶ የሚያድር ነገር ነው። ለአሸንዳ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ስለዚህ ቤቱ ሃያ ዓመት ይረሳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ “አርጅቷል” ተብሎ ይፈረድበታል። አርጅቶ ሳይሆን ተረስቶ ነው የሞተው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል። “በሽተኛ ኮሪደር ላይ ተኝቶ፣ ተማሪ መቶ ሆኖ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ እናንተ ስለ አሮጌ ግድግዳ ታወራላችሁ?” ይላል። አዎ፣ በሽተኛው ይቅደም። ሆስፒታል ሙዚየም አይደለም። ትምህርት ቤት የልጅ እንጂ የትዝታ ማደሪያ አይደለም። መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ሰው ላይ ከሚወድቅ ይፍረስ። አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ የእኔም ክርክር ያ አይደለም። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የትኛው እንደሚፈርስና የትኛው እንደሚቆይ በምሽት ስብሰባ ሳይሆን በቀን፣ በዝርዝር፣ ባለቤቱ ሕዝብ ባለበት ይወሰን።

ካልተጠየቀ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ አሳይታናለች። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የደጃች ውቤ ሠፈር ይዞታ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ብዙ ትውልድ የኖረበት ሠፈር፣ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ጉርብትናው፣ ዕድሩና ዕቁቡ ጭምር ተበተነ። ከዚያ በኋላ በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ሐዘኑ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ያቺው አዲስ አበባ ግን ሌላውንም መንገድ አሳይታናለች። የአፍሪካ አዳራሽን ተመልከቱ። በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ነው። አርጅቶ ነበር። “አፍርሰን በመስታወት እንሥራው” አልተባለም። የተባበሩት መንግሥታት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ፣ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ሳይቀር አሳድሶ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ከፈተው። “ይህማ የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ነው” ትሉ ይሆናል። እንግዲያው የጣይቱ ሆቴልን እንውሰድ። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በላው። እንጨት ነው፤ ከእሳት የተረፈውን ጠርጎ ፎቅ ማቆም ይቻል ነበር። የቀድሞ መልኩን ጠብቆ ታደሰ እንጂ አልተጣለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሾችም ታድሰው በ2012 ዓ.ም. በአንድነት ፓርክ ለሕዝብ ሲከፈቱ፣ የትናንቱ አጥር የዛሬ ገቢ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ማደስ የሚቻለው ለአዲስ አበባ ብቻ ነው? ለሶዶ ሲሆን ለምን “ጭቃ ነው” ይባላል?

እዚሁ ክልላችን ውስጥም ትምህርት አለ። የኮንሶ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ የጌዴኦም በ2016 ዓ.ም. ተከተለ። ኮንሶ ውስጥ ሞራ የሚባል የመንደር የጋራ ቤት አለ፤ ወንዶች የሚያድሩበት፣ የመንደሩ ጉዳይ የሚወራበት። ሣሩ ይለወጣል፤ እንጨቱም ይለወጣል። ግን ሞራው ያው ሞራ ነው። ለምን? ቦታው አልተለወጠም፣ ቅርፁ አልተለወጠም፣ የሚሠራው እጅና ሙያው አልሞተም። ከሁሉም በላይ ሥራ አላጣም፤ ዛሬም ሰው ያድርበታል። ሥራ ያለው ቤት ይጠገናል፤ ሥራ ያጣ ቤት ይፈርሳል። መጠበቅ ማለት በሰንሰለት አጥሮ “አትንኩ” ማለት አይደለም።

አንድ የውጭ አገር ነገር ልጨምርና ወደ መፍትሔው ልለፍ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የፖላንድን ዋና ከተማ ዋርሶን አመድ አደረጓት። ፖላንዶች ግን አሮጌውን ከተማ መልሰው ሠሩት። በምን? ከጦርነቱ በፊት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችና መምህራን ቤቶቹን እየለኩ የሣሉት ንድፍ ነበራቸው፤ ያንን ወረቀት ደብቀው አተረፉት። የተሠራው ከተማ እንደ ቅርስ በዩኔስኮ የተመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ነው። ልብ በሉ፤ ከተማዋን መልሶ ያስገኘው ወረቀት ነው። ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት! ይህን የማድረግ አቅም ሶዶ የላትም የሚል ማነው?

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምለው? ሕግ አጥተን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድም የጥገና ሥራ እንዳይሠራበት ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ለመጠገን እንኳ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ነገር ለማፍረስ አንድ የስልክ ጥሪ ሊበቃ አይገባም። የሚጎድለን የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ መዝገቡ ይውጣ። በሶዶም፣ በቦዲቲም፣ በአረካም፣ በሕዝብ ገንዘብና ጉልበት የተሠሩ አሮጌ ቤቶች አንድ በአንድ ይቆጠሩ። ዝርዝሩ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ሳይሆን በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የቀረ ካለ ሽማግሌዎች ይጨምሩበት፤ የማይገባው የገባ ካለም ይሰርዙት።

ሁለተኛ፣ ይለካ። ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የምህንድስና ተማሪዎች አሉን። አንድ ሴሚስተር ሜትርና ካሜራ ይዘው ይውጡ። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የበሩን አቅጣጫ ይመዝግቡ። አጠገባቸው ቤቱ ሲሠራ ያዩ አባትና እናት ይቀመጡ፤ ያ ቃልም ይቀረጽ። ቤቱ ነገ ቢፈርስ እንኳ የሚቀር ነገር ይኖራል። ሽማግሌ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሦስተኛ፣ ከመፍረሱ በፊት ማስታወቂያ ይውጣ። ይህ ቤት ሊፈርስ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ በምትኩ የሚሠራው ይህ ነው፣ የወሰነው እገሌ ነው ተብሎ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ቤቱ ላይ ይለጠፍ። ስብሰባ ይጠራ። የሚፈርመው ሰው በስሙ ይፈርም። “ከላይ የመጣ መመሪያ ነው” የሚባል ፊርማ የለም። ከላይ ማነው? ስም የለውም እንዴ?

አራተኛ፣ የሚቆየው ቤት ሥራ ይሰጠው። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ መጋዘኑ የወጣቶች አዳራሽ ይሁን፤ አሮጌው የሕክምና ክፍል የካርድ ክፍል ወይም የነርሶች መማሪያ ይሁን። ክልሉ ቢሮ አጥቶ ከሆነ የታደሰ አሮጌ ቤትም እኮ ቢሮ ይሆናል! የግድ መፍረስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ድንጋዩና በሩ ለአዲሱ ሕንፃ ይዋል፤ ግድግዳው ላይም እዚህ ምን እንደነበረ በወላይትኛና በአማርኛ ይጻፍ።

ይህን ስል “ሕዝብ ስለ ሕንፃ ምን ያውቃል?” የሚል አይጠፋም። ይህን አነጋገር ወላይታ ቀድሞ ሰምቶታል። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ የሚባል ቋንቋ ቢሮ ውስጥ ተሠርቶ፣ መጽሐፍ ታትሞበት፣ ለልጆቻችሁ መጣ። ሕዝቡ አልተጠየቀም። እምቢ አለ፤ ደም ፈሰሰ፣ ሰው ታሠረ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። የሞተው አልተመለሰም፤ መጽሐፉ ግን በሌላ መጽሐፍ ተተካ። ስህተት ያለበት መጽሐፍ ይሰበሰባል፤ በስህተት የፈረሰ ቤት ግን አይሰበሰብም። ሳይጠይቁ መወሰን ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ ሕዝብ በላይ የሚያውቅ የለም።

በወላይታ ባህል ጊፋታ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ይለሰናል፣ ይታደሳል። አዲሱን ዓመት ለመቀበል የአባቱን ቤት የሚያፈርስ ሰው የለም። አዲስ ክልል፣ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ሕንፃ፣ ሁሉም ይምጣ፤ እልል እንላለን። ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ እየተቆጠረ፣ የቆጡን አወርድ ስንል የብብታችንን እንዳንጥል።

የዛሬ መቶ ዓመት የሚመጣ ልጅ “ጉታራው የት ነው?” ብሎ ለጠየቀው መልስ አጥተናል። “ኦቶና የቱ ነበር? የዋዱ መጋዘን የቱ ነበር?” ብሎ ሲጠይቅ ግን ጥፋቱን የምንጭንበት የጦር አዝማች የለም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። በየሠፈራችሁ ያለውን የሕዝብ ቤት ቁጠሩ፣ ስሙንና ታሪኩን ጻፉ፣ ለማዘጋጃ ቤቱም በፊርማችሁ አስገቡ። ማስገቢያ ቁጥሩንም ተቀበሉ፤ ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት እንደ አሮጌ ቤት ነው፣ በቀላሉ ይጠፋል።